ሱፐርማንና ስፓይደርማን ቢገናኙ፦ የተለያየ ዓለም ጀግኖችን ስለማጣመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ እያለን የታናሽ ወንድሜ ቦርሳ ላይ ስፓይደርማን ነበር። የእኔ ቲሸርት ላይ ደግሞ ባትማን። ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆነን "ማን ያሸንፋል?" እያልን እንከራከር ነበር። አንድ ቀን እናታችን ልብስ እያጣጠፈች ሰማችን። "ሁለቱም ሌባ የሚያሳድዱ ከሆነ ለምን አይጠራሩም?" አለችን። መልስ አጣን።

ያ ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) አንብቤያለሁ፤ ከጓደኞቼም ጋር የራሳችንን ታሪኮች ፈጥረናል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክሮስኦቨር ምንድን ነው?

የአንድ ታሪክ ጀግና ሌላ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ክሮስኦቨር ይባላል። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው እዚያው ቤት ውስጥ የሚደረግ ነው። ስፓይደርማንና ግዙፉ አረንጓዴ ሰው ሀልክ ሁለቱም የማርቬል፣ የአንድ ኮሚክ አሳታሚ ቤት፣ ናቸው፤ ስለዚህ ሲገናኙ የአጎት ልጆች ሰርግ ላይ እንደተገናኙ ቁጠሩት። ይህኛው ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1940 ሂውማን ቶርች የተባለው የእሳት ሰውና የባሕሩ ልዑል ኔሞር በአንድ ታሪክ ውስጥ ተፋልመዋል።

ሁለተኛው ከቤት ውጭ የሚደረገው ነው። ሱፐርማንና ባትማን የሌላው አሳታሚ የዲሲ፣ ስፓይደርማንና ካፒቴን አሜሪካ የማርቬል ናቸው። እነዚህን ለማገናኘት ሽማግሌ መላክ አለበት። ሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፣ ውል ይፈራረማሉ፣ ማን ይጽፈዋል፣ ማን ይስለዋል፣ ማን ያሳትመዋል በሚለው ላይ ይስማማሉ። ከዚህ በታች የምናወራው በአብዛኛው ስለዚህኛው ነው።

ሁለቱ ቤቶች መጀመሪያ ያገናኟቸው ጀግኖች እነማን ናቸው?

ሱፐርማንና ስፓይደርማን። ዓመቱ 1976 ነው። ከዚያ በፊት በ1975 ዲሲና ማርቬል በጋራ አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ግን የ"ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ" ፊልም ታሪክ ስለሆነ የራሳቸው ጀግኖች አልነበሩበትም። የመጀመሪያው እውነተኛ ግንኙነት የ1976ቱ ነው።

መጽሐፉ ከተለመደው ኮሚክ በጣም ሰፋ ያለ ነበር። ዋጋው 2 ዶላር። ጄሪ ኮንዌይ ጻፈው፣ ሮስ አንድሩ ሳለው። ክፉዎቹ ሌክስ ሉቶርና ዶክተር ኦክቶፐስ ናቸው፤ ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ መሆኑ ነው።

እኔ በጣም የምወደው አንድ ቦታ አለ። ስፓይደርማን ሱፐርማንን መምታት አይችልም፤ ሱፐርማን ብረት ነው። ታዲያ ሉቶር ስፓይደርማን ሳያውቅ በጨረር ጠመንጃ ይመታዋል። ጨረሩ ሱፐርማንን የሚያዳክመው የቀይ ፀሐይ ኃይል ስላለው ለጥቂት ጊዜ ስፓይደርማን ሱፐርማንን በቡጢ ያንገዳግደዋል። ከዚያ ጨረሩ ያልቃል። ልጁ አሁንም ይደበድባል፤ የሚያመው ግን የራሱ እጅ ሆኗል። ጠቡ የበረደው ከዚህ በኋላ ነው። መነጋገር የጀመሩትም እዚያው ነው።

ሁለቱ ዓለሞች የሚገናኙበትን በር እንዴት ልክፈት?

ብዙ ሰው ታሪኩን ሳይጀምር እዚህ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሳይንሱን ለማስረዳት አሥር ገጽ ይጽፍና ይደክመዋል።

ሁለት ጥሩ መንገድ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው የ1976ቱ ነው፤ ምንም በር የለም። ሱፐርማንና ስፓይደርማን ከድሮም በአንድ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ሳይገናኙ ቀርተው ነው። ሱፐርማን በሰው ስሙ ክላርክ ኬንት፣ ጋዜጠኛ ነው፤ ስፓይደርማንም በሰው ስሙ ፒተር ፓርከር፣ ለጋዜጣ ፎቶ ያነሳል። ሁለት የጋዜጣ ሰዎች አንድ ዝግጅት ላይ ቢገናኙ ማን ይገረማል? እኔ ብጠየቅ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው የ1961ዱ የፍላሽ፣ የፈጣኑ ሯጭ ጀግና፣ ታሪክ ነው። ዲሲ በ1940ዎቹ ጄይ ጋሪክ የሚባል ፍላሽ ነበረው። በኋላ ደግሞ ባሪ አለን የሚባል አዲስ ፍላሽ ፈጠረ። ጸሐፊው ጋርድነር ፎክስ ሁለቱን ማገናኘት ፈለገ። እንዲህ አደረገው፦ ባሪ አለን ስለ ጄይ ጋሪክ ልጅ ሆኖ ኮሚክ ላይ ያነበበ ሰው ነው። ለእሱ ጄይ ተረት ነው። አንድ ቀን በጣም ሲፈጥን ሰውነቱ በሌላ ፍጥነት ይርገበገብና ጄይ በእውን የሚኖርበት ሌላ ምድር ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሁለቱ ምድሮች አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ የሚርገበገቡበት ፍጥነት ብቻ ነው የሚለያየው።

ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ጣቢያዎቹ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ አሉ። እናንተ የምትሰሙት ያስተካከላችሁትን ብቻ ነው። ጋርድነር ፎክስ ያን ሁሉ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሰውና ወደ ታሪኩ ገባ። በራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካልቻላችሁ በር ቀይሩ።

ማን ያሸንፋል?

ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሱፐርማን ወይስ ሀልክ? ባትማን ወይስ ካፒቴን አሜሪካ?

በ1996 ሁለቱ ቤቶች ይህንኑ ጥያቄ ለአንባቢ ሰጡት። አራት ክፍል ያለው ታሪክ አወጡና ጀግኖቻቸውን አጋጠሙ። ከግጥሚያዎቹ አምስቱን የወሰነው የአንባቢ ድምፅ ነው። ሱፐርማን ሀልክን አሸነፈ። ባትማን ካፒቴን አሜሪካን አሸነፈ። ከማርቬል ደግሞ ስፓይደርማን የዲሲን ሱፐርቦይ፣ ዎልቨሪን ሎቦን፣ ስቶርም ዎንደር ውማንን አሸነፉ። ማርቬል ሦስት፣ ዲሲ ሁለት።

እስቲ አሁን ታሪኮቹን ተመልከቷቸው። ዎልቨሪንና ሎቦ የተደባደቡት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ባንኮኒ ስር ይወድቃሉ፣ ድብድቡን አናየውም፣ ዎልቨሪን ብቅ ይላል። አለቀ። ድምፅ አሸናፊን ይሰጣል፣ ድብድቡ እንዴት እንደሄደ ግን አይነግርም። ብዙ አንባቢ ቅር የተሰኘውም በዚህ ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

የባትማንና የካፒቴኑ ግን ይሻላል። ከመሬት በታች ባለ የቆሻሻ ውሃ መስመር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይፋለማሉ፣ አንዱ ሌላውን አይረታም። በመጨረሻ ውሃ በኃይል ይመጣል። ባትማን የወረወረው መሣሪያ ካፒቴኑን ይመታዋል፣ ውሃው ይወስደዋል። ባትማን ምን አደረገ? ዘሎ ገብቶ አወጣው። ማን እንዳሸነፈ ቶሎ የሚረሳ ሰው እንኳ ይህን አይረሳም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1981 ባትማንና ሀልክ ተገናኝተዋል። በጉልበት ካየነው ነገሩ ዝሆንና ድመት ነው። ባትማን የሚያስተኛ ጋዝ ይለቃል፤ ሀልክ ትንፋሹን ይይዛል። አይተነፍስም፣ አይወድቅም። ባትማን ይሮጥና በሙሉ ኃይሉ ሆዱን፣ ከደረቱ ሥር ያለውን ቦታ፣ በእግሩ ይመታዋል። ሀልክ አይጎዳም። ግን አፉን ይከፍታል፣ ያን ጊዜ ጋዙን ይስበዋል። አንድ ምት ብቻ ነች፤ ዓላማዋም ማስተንፈስ እንጂ መጉዳት አልነበረም።

ስለዚህ "ማን ያሸንፋል?" የሚለውን ትቼ "ደካማው በምን ያሸንፋል?" ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። በዚህኛው ጥያቄ ታሪክ ይመጣል።

ጀግኖቹ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለምን ይጣላሉ?

ልማድ ሆኖ ነው። ይገናኛሉ፣ አይግባቡም፣ ይደባደባሉ፣ ከዚያ እውነተኛውን ጠላት ያያሉ፣ አብረው ይሠራሉ። አንባቢ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ጠቡንም እርቁንም። ግን ብዙ ጊዜ ጠቡ ባዶ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች "አንተ ማን ነህ?" ብለው ሳይጠያየቁ ሕንፃ ያፈርሳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለኝ ከ2003 እስከ 2004 የወጣው የጀስቲስ ሊግና የአቬንጀርስ፣ የዲሲና የማርቬል የጀግኖች ቡድኖች፣ ታሪክ ነው። ኩርት ቡሲክ ጻፈው፣ ጆርጅ ፔሬዝ ሳለው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ሲደባደብ ባትማንና ካፒቴን አሜሪካ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጥቂት ይሞካከራሉ። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ሁለቱም የሰለጠኑ ናቸውና የተፋላሚያቸውን ልክ ወዲያው ያውቁታል። ባትማን ቆም ብሎ፣ ልታሸንፈኝ ትችል ይሆናል፣ ግን በጣም ብዙ ጊዜ ይወስድብሃል የሚል ነገር ይናገራል። ካፒቴኑ ይገባዋል። ትልልቆቹ ሲተራመሱ እነሱ ከድብድቡ ወጥተው ይህን ጨዋታ ማን እያጫወታቸው እንደሆነ ሊያጣሩ ይሄዳሉ።

ጠብ ካስፈለጋችሁ እንዲህ ይሁን። ሁለቱ ሰዎች በቡጢ ይተዋወቁ። ከተዋወቁ በኋላ አንዲት ቡጢ እንኳ ትርፍ ናት።

ጥሩ ጥንድ የሚባለው የቱ ነው?

ብዙ ጊዜ ሰው የሚያጣምረው የሚመሳሰሉትን ነው። ፍላሽን ከኩዊክሲልቨር፣ አኳማንን ከኔሞር፤ ሯጭ ከሯጭ፣ የባሕር ንጉሥ ከባሕር ንጉሥ። ለውድድር ጥሩ ነው። አብሮ ለመሥራት ግን ሁለት ሯጭ ምን ያደርጋል? አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ነገር የለም።

እኔ የምፈልገው አንዱ ያላየውን ሌላው የሚያይበትን ጥንድ ነው። የጀስቲስ ሊጉና የአቬንጀርሱ ታሪክ ይህን በትልቁ አሳይቷል። የዲሲ ጀግኖች ወደ ማርቬል ምድር ሲመጡ ዓለሙ ተጎሳቁሎ፣ ሕዝቡም ጀግኖቹን ሲፈራና ሲጠላ ያያሉ። "እነዚህ ሥራቸውን አልሠሩም" ይላሉ። የማርቬሎቹ ደግሞ ወደ ዲሲ ምድር ሲሄዱ ለጀግና ሙዚየም ተሠርቶ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ያገኛሉ። "እነዚህ ሕዝቡን ረግጠው ይገዙታል ማለት ነው" ብለው ይጠረጥራሉ። ሱፐርማንና ካፒቴን አሜሪካ፣ ከሁለቱም ቤት በጣም ቅን የሚባሉት ሁለት ሰዎች፣ የሚናከሱት በዚህ ነው። እያንዳንዱ በሌላው ቤት የሚያየው የራሱን ስጋት ነው። ካፒቴኑ ያ ሁሉ ክብር ሰውን እንዳያበላሽ ይፈራል፤ ሱፐርማን ደግሞ ያ ሁሉ ጀግና እያለ ዓለሙ እንደዚያ መክረሙ ያንገበግበዋል።

እንግዲህ ጥንድ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ሰው የሚፈራው ምንድን ነው? ያኛው ሰው ያንን ፍርሃት በመልኩ ወይም በኑሮው ያስታውሰዋል ወይ?

በዚህ መሠረት የኔ ምርጫ ብላክ ፓንተርና አኳማን ናቸው። ሁለቱም ነገሥታት ናቸው። ሁለቱም ከዓለም የተደበቀ አገር አላቸው፤ አንዱ ዋካንዳን በተራራና በጫካ፣ ሌላው አትላንቲስን በባሕር ጋርዶ ያኖራል። ሁለቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ በሩን እንክፈት ወይስ እንዝጋ? ልዩነታቸው ደግሞ ሰፊ ነው። ቲቻላ (ብላክ ፓንተር) በቤተ መንግሥት ተወልዶ፣ ለዙፋን ታስቦ ያደገ ነው። አርተር (አኳማን) ግማሽ የየብስ ሰው ነው፤ አባቱ የመብራት ቤት ጠባቂ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ከራሱ ሕዝብ መሃል "ይህ የኛ አይደለም" የሚል አይጠፋም። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና ጠላት ሳታመጡ አሥር ገጽ አውሯቸው። ቲቻላ ሥርዓቱን ያውቃል፣ አርተር ከውጭ ማየቱን ያውቃል። እኔ ጠላቱን የማመጣው ከአሥረኛው ገጽ በኋላ ነው።

ሌላው ስቶርምና ዎንደር ውማን ናቸው። አንባቢ በድምፁ ስላፋለማቸው ብቻ የሚታወሱ መሆናቸው ያሳዝነኛል። ስቶርም እናቷ ኬንያዊት ናት፣ በአፍሪካ እንደ አምላክ የታየችበት ጊዜ ነበር። ዎንደር ውማን ከአማልክት ጋር ያደገች ናት። ሁለቱም በሰው ዓይን ከሰው በላይ ሆኖ መታየት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በዚያው በ1996ቱ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ቦታ አለ። ዎንደር ውማን የማርቬሉን የነጎድጓድ አምላክ የቶርን መዶሻ ታገኛለች። መዶሻው የሚገባው ሰው ብቻ ነው የሚያነሳው፤ እሷ አነሳችው። ያንን ይዛ ከስቶርም ጋር ብትገጥም ማን ያቆማታል? እሷ ግን ፍትሐዊ አይደለም ብላ አስቀመጠችውና ባዶ እጇን ገባች። ተሸነፈችም። ሁለቱን አንድ ላይ የማሠራ ብሆን ከዚያች መዶሻ እጀምር ነበር። ስቶርም ያንን አይታ ቢሆን ምን ትላት ነበር?

ኃይላቸው አይመጣጠንም። ምን ላድርግ?

ቦታውን ቀይሩ። ጀግናውን አታዳክሙት፣ ያለበትን ቦታ ቀይሩበት። ፍላሽ ፍጥነቱን የሚያገኘው በዲሲ ዓለም ካለ ኃይል ነው። በ2003ቱ ታሪክ ወደ ማርቬል ምድር ሲሻገር ያ ኃይል እዚያ የለም፤ ሯጩ ተራ ሰው ሆነ። የማርቬሏ ጠንቋይ ስካርሌት ዊች ደግሞ ወደ ዲሲ ምድር ስትሄድ ኃይሏ ከመጠን በላይ በርትቶ አስቸገራት። ይህ ብልህ ነው። የአገሩ አየር ነው የለወጣቸው፣ ጸሐፊው ያዳላ አይመስልም።

ሱፐርማን ኃይሉን የሚያገኘው ከቢጫ ፀሐይ ነው፣ ቀይ ፀሐይ ሥር ተራ ሰው ነው። በ1978 ከመሐመድ ዓሊ ጋር ያጋጠሙት በዚህ ብልሃት ነው። ዓሊ በእውን የነበረ ቦክሰኛ ነው፣ ሱፐርማንም ያለ ኃይሉ ከእሱ ቦክስ ተማረ፣ ያለ ኃይሉም ገጠመው። ዓሊ አሸነፈ። ሱፐርማን ግን እየተደበደበ አልወድቅም አለ፤ ዓሊ ራሱ ግጥሚያው ይቁም ብሎ ጠየቀለት። ሁለቱም በክብር የወጡበት ነው።

ክፉዎቹንስ?

ክፉዎቹም እንዲተዋወቁ አድርጓቸው። ጀግኖች ሲጣመሩ ክፉዎችም ይጣመራሉ፤ የእነሱ ጥምረት ግን ቶሎ ይፈርሳል፤ በዚያ መፍረስ ውስጥ ጥሩ ነገር ይገኛል።

በ1996 ጆን በርን በሠራው የባትማንና የካፒቴን አሜሪካ ታሪክ ውስጥ የባትማን ጠላት ጆከር ለአንድ ሰው ተቀጥሮ ይሠራል። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቀጣሪው የካፒቴን አሜሪካ ጠላት ሬድ ስከል መሆኑን፣ ናዚ መሆኑንም ጆከር የሚያውቀው በኋላ ነው። ሲያውቅ ይገለበጥበታል። እብድ ወንጀለኛ ነኝ፣ ግን አሜሪካዊ እብድ ነኝ ዓይነት ነገር ይላል። ጆከርን ለአንድ ገጽ ያህል ሌላ ሰው አድርጎ ያሳየን ሬድ ስከል ነው። ጥሩ ክሮስኦቨር ለክፉውም አዲስ ፊት ይሰጠዋል።

ሁለት ጀግና ወደ አንድ መቀላቀል ይቻላል?

ይቻላል፣ ተሠርቷልም። አንባቢ ድምፅ በሰጠበት በ1996ቱ ታሪክ መሃል ሁለቱ ዓለሞች ተቀላቅለው "አማልጋም" የሚባል ዓለም ሆኑ። ባትማንና ዎልቨሪን ተዋሕደው ዳርክ ክሎው፣ ሱፐርማንና ካፒቴን አሜሪካ ተዋሕደው ሱፐር ሶልጀር ሆኑ። በ1996 አሥራ ሁለት፣ በ1997 ደግሞ ሌላ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ወጡ። መጻሕፍቱ ለብዙ ዓመት ሲታተሙ የኖሩ አስመስለው ነው የቀረቡት። ደስ ይላል፣ ግን እኔ እምብዛም አልጠቀምበትም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሲሆኑ የሚነጋገሩት ይጠፋል።

ይህን ያህል ከተወደደ ለምን በየዓመቱ አይወጣም?

ሁለት ባለቤት ስላለው። የጀስቲስ ሊግና የአቬንጀርስ ታሪክ መጀመሪያ የታሰበው ለ1983 ነበር። ጆርጅ ፔሬዝ ያኔ 21 ገጽ ስሎ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በታሪኩ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ፣ ሥራው ቆመ። ፔሬዝ ግን ሐሳቡን አልተወውም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ እንደገና እሱ ሳለው። የሳላቸውን ገጾች ያየ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ምን ይዞ እንደቆየ ይገባዋል። ጀግኖቹ በመቶ ይቆጠራሉ፣ ግን አንዳቸውም ተጨናንቀው አይታዩም፤ እያንዳንዱ የራሱ አቋቋምና የራሱ ፊት አለው።

ፔሬዝ በኋላ በጠና ታመመ። በ2022 መጀመሪያ ሁለቱ ቤቶች ተስማምተው መጽሐፉን ለኮሚክ ባለሙያዎች መርጃ በሆነ ድርጅት በኩል በ7,000 ቅጂ አሳተሙት። ፔሬዝ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ አረፈ።

ከ2004 በኋላ ሁለቱ ቤቶች አዲስ የጋራ ታሪክ ሳያወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ቆዩ። በ2024 የድሮዎቹ በትልልቅ ጥራዝ ተሰብስበው ታተሙ። በ2025 ደግሞ ዴድፑልና ባትማን በሁለት መጻሕፍት ተገናኙ፣ አንዱን ማርቬል፣ ሌላውን ዲሲ አወጣው። ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከ2003ቱ ጀምሩ። ከዚያ ወደ 1976ቱ ተመለሱ።

የኛ አገር ጀግኖችስ?

ይህን ጥያቄ በጉጉት ነው የምመልሰው። በ2018 ጀምበር የሚባል የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ ወጥቷል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይል የሚያገኘው በዚህ መሃል ነው።

እስቲ ከስፓይደርማን ጋር እናገናኘው። ፒተር ፓርከር በአንድ በር ይወድቅና አራት ኪሎ ይነሳል። ጧት ነው። መንገዱ ዳር ወጣቶች ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ያነባሉ። አንዱ ደብተሩ ላይ ስልክ ቁጥር ይገለብጣል፣ ሌላው ዶክመንቱን በፕላስቲክ አድርጎ ብብቱ ሥር ይዟል። አማኑኤል እዚያ መሃል "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ይፈልጋል። ፒተር አማርኛ አያነብም። ግን የሰዎቹን አጎንባሽነት ያውቀዋል። እሱም የቤት ኪራይ ሊከፍል ፎቶ እየሸጠ የኖረ ልጅ ነው። ከጎኑ ይቀመጣል። አማኑኤል ቀና ብሎ ያየውና በእንግሊዝኛ "አንተም ሥራ ፈላጊ ነህ?" ይለዋል። ስፓይደርማንነቱን ገና አያውቅም። ፒተር "አዎ" ይላል፤ ውሸት አይደለም።

ከዚያ ጠላቱ ይምጣ። አሁን ሌላ ነገር አስቡ። ስፓይደርማን ያለ ረጅም ሕንፃ ምንድን ነው? ኒውዮርክ ላይ ድሩን የትም ያስራል። አራት ኪሎ ላይ ግን ከሰማይ የሚያንጠለጥለው ነገር ብዙ የለም፤ ከፍ ማለት ከፈለገ ሰንጋ ተራ፣ ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የንግድ ባንክ ሕንፃ ድረስ መውረድ ሊኖርበት ነው። እስከዚያ መንገዱን የሚያውቀው አማኑኤል ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የቦታ ለውጥ ይኸው ነው። እንግዳው ይደክማል፣ ባለአገሩ ይመራል። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ አማኑኤልን የፒተር ሰፈር ኩዊንስ ላይ ጣሉት።

የፈጠርኩትን ልሸጠው እችላለሁ?

ጀግኖቹ ባለቤት አላቸው። ለራስ መሳልና ለጓደኛ ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ አሳትሞ መሸጥ ሌላ። ሱፐርማን የተፈጠረው በ1938 ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያው ቅጂው የሕዝብ የሚሆነው በ2034 ነው፣ ባትማን በ2035። እስከዚያ መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ የራሳችሁን ሁለት ጀግኖች ፍጠሩ። ከጓደኛችሁ ጋር ብትሆኑ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንዱ አንድ ዓለም፣ ሌላው ሌላ ዓለም ይፍጠርና ከዚያ አገናኟቸው።

ከጓደኛ ጋር ሳንጣላ አንድ ታሪክ እንዴት እንጽፍ?

እኔና ወንድሜ የምናደርገውን ልንገራችሁ። እሱ አሁን ዱባይ ነው የሚሠራው። ታሪኩን በቴሌግራም እየተቀባበልን እንጽፈዋለን። ሕጋችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንም የሌላውን ጀግና አይገድልም፣ አያዋርድም። ሁለተኛ፣ ተራህ ሲደርስ የራስህን ጀግና ሳይሆን የሌላውን ጀግና ነው የምታንቀሳቅሰው። እኔ ስፓይደርማንን እጽፋለሁ፣ እሱ ባትማንን። ይህ ሁለተኛው ሕግ ሁሉንም ለወጠው። የእሱን ጀግና ላለማበላሸት ስል ስፓይደርማንን በደንብ አነበብኩት። እሱም ባትማንን እንደዚያው።

ባለፈው ዓርብ ማታ የላከልኝ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ ባትማን ዝናብ ላይ፣ አንድ ጣሪያ ጫፍ፣ ስልክ በእጁ። ቁጥሩን ጽፏል። ገና አልደወለም። ተራው አሁን የኔ ነው፤ ስፓይደርማን ወጥ ቤት ቆሞ የአክስቱን ሳህን እያጠበ ነው፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሊጮህ ነው።